«ከበደን» ስንል

የፊዚክስ ፈተና ካለቀ በኋላ ያሉት አስር ደቂቃዎች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሒሳብ ሲያልቅ ተማሪ ይነጫነጫል። እንግሊዝኛ ሲያልቅ ይቀልዳል። ባዮሎጂ ሲያልቅ «ያ ቃል ምን ነበር?» እያለ ደብተር ያገላብጣል። ፊዚክስ ሲያልቅ ግን መጀመሪያ ጸጥታ ነው። እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ ላጲሱን እንደጨበጠ ከክፍል የሚወጣው ሁሉ ሌላው ቀድሞ እንዲናገር ይጠብቃል። ማን ምን እንደሚል ሳያውቁ «ከበደኝ» ማለት ያስፈራላ! የከበደው ለአንተ ብቻ ቢሆንስ?

ከዚያ አንዱ ደፋር «እናንተ፣ ይሄ ነገር ፊዚክስ ነው ወይስ ተሳስተው ሌላ ወረቀት ነው የሰጡን?» ይላል። ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። ሳቁ የደስታ አይደለም፤ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» የሚል የእፎይታ ሳቅ ነው። ወዲያው ከየአቅጣጫው አንድ ቃል መሰማት ይጀምራል፦ ከበደን፣ ከበደን፣ ከበደን።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቃል ነው። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሏታል፤ በየዓመቱም የሚሰማት ጠፍቶ ከግቢው ጋር ባዶዋን ትቀራለች።

የበሩ ላይ ሰዎች

እኛ የ«ፕላዝማ» ልጆች ነን። ለማታውቁት፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ነበር። ክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የታሰረ ቴሌቪዥን ይሰቀላል፤ በውስጡ አንዲት ወይም አንድ የማናውቃቸው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ጥያቄ ይሰጡና ሰዓት ይቆጥራሉ። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፤ «በጣም ጥሩ!» ብለውን ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ምኑ እንደሆነ በጣም ጥሩው እስከዛሬ አልገባንም። መብራት ከሄደ ደግሞ ምዕራፉም አብሮ ሄደ፤ ነገ ሲመጣ ፕላዝማው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። የክፍሉ መምህር በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ሊያብራሩልን ይሯሯጣሉ። በዚህ ዓይነት ነው ወደ ማጠቃለያው የደረስነው።

እናም በግንቦት ማብቂያ የፊዚክስ ፈተናችንን ተፈትነን ወጣን። በበሩ ላይ የነበሩትን ሰዎች ዛሬም ስም እየጠራን መቁጠር እንችላለን። ስማቸውን ትተን ዓይነታቸውን እንንገራችሁ፤ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ።

አንደኛው «ቀላል ነበር» ባይ ነው። ይህ ሰው ወይ በእውነት ቀሎታል ወይ ደግሞ ምን ያህል እንደከበደ እንኳ አላወቀም። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ውጤት ሲመጣ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ አመሳካሪ ነው። «17ን ምን አላችሁ?» ብሎ ይጀምራል። እሱ «ቢ» ካለና ሦስት ሰው «ሲ» ካለ ፊቱ ይጠቁራል፤ አንድ ሰው «ቢ» ካለለት ደግሞ ያንን ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም።

ሦስተኛው «ከሲላበስ ውጪ ነው» ባይ ነው። ለዚህ ሰው ያልገባው ነገር ሁሉ ከሲላበስ ውጪ ነው። ግን እንጠንቀቅ፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው። መጽሐፉ ላይ ያለ፣ ክፍል ውስጥ ግን ማንም ያልደረሰበት ምዕራፍ ለተማሪው ከሲላበስ ውጪ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አራተኛው ሎተሪ ቆራጭ ነው። «ሲ ለረጅም ጊዜ አልወጣም፣ ስለዚህ ከ30 እስከ 40 ሲን አጠቆርኩ» ይላል። ስታትስቲክስ የተማረው ከዚህ ውጪ የትም አይደለም።

አምስተኛዋ ዝም ያለችው ናት። ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ማንም አይጠይቃትም። እሷም ማንንም አትጠይቅም።

ከዚያ ሁሉም ቤቱ ይገባል። እናት በሩ ላይ ናት። «እንዴት ነበር ልጄ?» «ደህና ነው።» በዚች «ደህና ነው» ውስጥ አስራ ሁለት ዓመት አለ።

ከዛፉ ሥር የተማርነው ፊዚክስ

የእኛ ግቢ ውስጥ አንድ የግራር ዛፍ ነበረ። ከፈተናው በኋላ ሰባት ስምንት ሆነን ከሥሩ ቆመን ስንጨቃጨቅ አንድ ጥያቄ ላይ ተጋጨን። ጥያቄው በግርድፉ ይህን ይመስላል፦ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሟል። ሊፍቱ ወደ ላይ 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እየፈጠነ ይነሳል። የመሬት ስበት አክስለሬሽን 10 ነው ቢባል ሚዛኑ ስንት ያነባል? ምርጫዎቹ 120፣ 480፣ 600 እና 720 ኒውተን።

የክፍላችን ሰቃይ 480 ብሎ ነበር። ፎርሙላውን ያውቃል፤ ግን መደመር ይሁን መቀነስ ሲጨናነቅ ቀነሰ። ሁለታችን 600 ብለናል፤ ክብደት ማለት 60 ሲባዛ በ10 ነው፣ አለቀ፣ ሊፍቱ ምን አገባው ብለን። አንዱ 120 ብሏል፤ ኃይል ማለት ግዝፈት ሲባዛ በአክስለሬሽን ነው ብሎ 60ን በ2 አባዝቶ እፎይ አለ።

ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ በፊዚክስ ከማለፊያ ነጥብ በላይ አምጥቶ የማያውቅ ጓደኛችን ግን «720 ነው» አለ። ሳቅንበት። እንዴት አወቅህ አልነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎቱ ጋር ለፎቅ ቤት ዕቃ ያመላልስ ነበር። «ሊፍቱ ሊነሳ ሲል ጉልበትህ ይከብድሃል አይደል እንዴ? ዕቃ ተሸክመህ ከሆነማ ዕቃውም ይከብዳል። ሲደርስ ሊቆም ሲል ደግሞ ቅልል ይልሃል። ስለዚህ ከ600 መብለጥ አለበት፤ ከ600 የሚበልጠው አንድ ብቻ ነው።»

ጸጥ አልን። ሰቃዩ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት አፈሩ ላይ ሊፍት ሣለ። ወደ ላይ አንድ ቀስት፣ ወደ ታች አንድ ቀስት አደረገ። ሚዛኑ ሰውየውን ተሸክሞ ማቆም ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ማስፈንጠርም አለበት። ስለዚህ 10 እና 2 ይደመራሉ፤ 60 ሲባዛ በ12፣ 720። «አሃ!» አለ። «አሁን ገባኝ!» አለ ደጋግሞ። የሦስት ነጥብ ጥያቄ ተሳስቶ እንደዚያ ሲደሰት ሰው አይተን አናውቅም።

የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ለእኛ የገባን በዚያች ሰዓት ነው፤ ከፈተናው አስር ደቂቃ ዘግይቶ፣ ከዛፍ ሥር፣ በፎርሙላ ሳይሆን በጉልበታችን። አማርኛችን ደግሞ ነገሩን ቀድሞ ያወቀው ይመስላል፦ ሸክም ሲሆንም «ከበደኝ» ነው፣ ጥያቄ ሲሆንም «ከበደኝ» ነው።

አራቱ መልሶች ምን ነገሩን?

ዛሬ ያን ዛፍ ስናስታውስ የሚያንገበግበን አንድ ነገር አለ። እዚያ የተሰጡት ሦስት የተሳሳቱ መልሶች አንድ ዓይነት ስህተት አልነበሩም።

600 ያለ ሰው ክብደትን እንደ ፎርሙላ ሸምድዷል፤ ሚዛን የሚያነበው ምን እንደሆነ ግን ማንም አላሳየውም። እሱ የሚያስፈልገው አንድ የመታጠቢያ ቤት ሚዛንና አንድ ሊፍት፣ ሊፍት ከሌለ በገመድ የታሰረ ድንጋይና የምንጭ ሚዛን ነው። 120 ያለ ሰው ኃይሎችን መደመር አልተማረም፤ አንዱን ኃይል አይቶ ሌላውን ረሳ። የሚያስፈልገው ቀስት መሣል ነው። 480 ያለው ደግሞ ሁሉንም ያውቃል፤ አቅጣጫ ላይ ተደናገረ። እሱ የሚያስፈልገው ትንሽ ጊዜና ትንሽ እርጋታ ነው። ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ላይ ተሰናክሎ «ወደ ላይ» የምትለዋን ቃል ዘልሎ ከሆነም መድኃኒቱ ፊዚክስ እንኳ አይደለም፤ ቋንቋ ነው።

ፈተና አራሚው ማሽን ዘንድ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ዜሮ። እኛም «ከበደን» ስንል ሦስቱን በአንድ ጆንያ እየጠቀለልን ነው። ሰሚውም ጆንያውን ሳይፈታ ይወረውረዋል።

ስለዚህ «ከበደኝ» ላለ ተማሪ የሚገባው ቀጣይ ጥያቄ «ስንት ታመጣለህ?» አይደለም፤ «አይዞህ» ብቻም አይደለም፤ «ምኑ?» ነው። ያልተማርከው ነው? ተምረኸው ያልገባህ ነው? ገብቶህ ጊዜ ያጠረህ ነው? ወይስ ገብቶህ፣ ጊዜ ኖሮህ፣ እንዲሁ የሚያሳስብ ጥያቄ ሆኖብህ ነው? የመጨረሻው ዓይነት ክብደት መልካም ክብደት ነው። ፈተና እንደዚያ መክበድ አለበት፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አይከብድም። የፊተኞቹ ሦስቱ ግን የተማሪው ብቻ ሸክም አይደሉም።

«በእኛ ጊዜ»

እዚህ ላይ የጎረቤታችን ጋሼ ድምፅ ይሰማናል። «በእኛ ጊዜ ማትሪክ የሚባል ነበር፣ እንደናንተ ሰነፍ አልነበርንም፣ በኩራዝ አጥንተን ነው...» እሺ ጋሼ። ኩራዙን አምነናል። በቂ እውነትም አለዎት፤ እንቀበል።

በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ አገር አቀፉ ፈተና ተሰርዞ እንደ አዲስ ተሰጠ። ኩረጃው በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ የሆነበት ዘመን ነበር። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሄደ፤ ተማሪው ስልኩን ቤቱ ትቶ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ዶርም አድሮ ተፈተነ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ሆነ። ውጤቱን ሁላችንም እናስታውሳለን፦ በዚያ ዓመት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ የፊዚክስ ብቻ አይደለም። ግን በዚያ ድምር ውስጥ ፊዚክስ የት እንደተቀመጠ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ይነግራችኋል።

ኩረጃን በር መዝጋት ትክክል ነበር። ይህን የምንለው ጥርሳችንን ነክሰን አይደለም፤ ተግቶ ያጠና ልጅ ከጎኑ ያለው በስልክ መልስ ሲቀበል ማየት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ካላሳለፈ የሚነሳው ጥያቄ «ልጆቹ ሰነፉ ወይ?» ሊሆን አይችልም። አንድ ልጅ ሊሰንፍ ይችላል። አስር ልጅ ሊሰንፍ ይችላል። አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ያውም 1,328 ትምህርት ቤት፣ ተማክሮ አይሰንፍም።

ደግሞስ ይህችው አገር አይደለችም እንዴ 70/30 ብላ ከመቶው ሰባውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የገፋችው? ፊዚክስ ተማሩ ተባልን፤ ተማርን። ቤተ ሙከራው ግን ቁልፉ ጠፍቶ ነበር። እኛ ቤተ ሙከራችንን ያየነው በመስኮት ነው።

ሚዛኑስ ከየት ይጀምራል?

ፊዚክስ ቤተ ሙከራ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ነገር አለ፦ ከመለካትህ በፊት መሣሪያው ባዶውን ስንት እንደሚያነብ እይ። ምንም ሳይጫንበት 2 ኪሎ የሚያሳይ ሚዛን ይዘህ ገበያ አትወጣም።

እስቲ ፈተናችንን በዚህ ዓይን እንየው። እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ምርጫ አለው። ጥያቄውን ሳያነብ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ያ ሎተሪ ቆራጭ ጓደኛችን ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ሚዛን ባዶውን 25 ያነባል። 30 ያመጣ ልጅና 25 ያመጣ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ይሁን ዕድል መለየት አይቻልም። ዝም ብላ ግንቡን የተደገፈችው ልጅ ሃያ ጥያቄ በሚገባ ሠርታ፣ የቀረውን «አላውቅም» ብላ ባዶ ብትተወው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ካጠቆረው ልጅ ብዙም ላትርቅ ትችላለች።

ሌላም አለ። 50 ቋሚ መስመር ነው። ፈተናው ዘንድሮ ቢከብድም 50፣ አምና ቢቀልም 50። ከ2014 ዓ.ም. በፊት የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ በየዓመቱ ይወሰን ስለነበር የፈተናው ክብደት በተዘዋዋሪ ይታሰብለት ነበር። ያኛው አሠራር የራሱ ችግር ነበረበት፤ ብዙ ያልተዘጋጀ ተማሪ አስገብቷል ተብሎ የተተቸውም በምክንያት ነው። ቋሚ መስመር ጥሩ ነገር አለው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያጠምመውም። ግን ቋሚ መስመር ያለው አገር የሚለካበትንም ነገር ቋሚ ማድረግ አለበት። የ2015ቱ ፊዚክስና የ2017ቱ ፊዚክስ እኩል ይከብዳሉ ወይ? ይህን ሳያውቁ 3.2 ወደ 8.4 ወጣ ብሎ መደሰትም መደንገጥም ያስቸግራል። ሊፍቱ ውስጥ ያለው ሰው ሚዛኑ 720 ስላነበበ ወፈረ አይባልም።

የሐና ከረሜላ

ስለ ከባድ ፈተና የሚጮኽ የእኛ ተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ከእንግሊዝ አገር እናምጣ። ትምህርቱ ፊዚክስ ሳይሆን ሒሳብ ነው፤ በሩ ላይ የሆነው ግን ያው ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 2015 የአስራ አምስትና የአስራ ስድስት ዓመት ልጆች የኤድኤክሴልን የሒሳብ ፈተና ተፈትነው ሲወጡ ስለ አንዲት ሐና ስለምትባል ልጅ ትዊተርን አጥለቀለቁት። ሐና ከረጢት ውስጥ ከረሜላዎች አሏት፤ ስድስቱ ብርቱካንማ፣ የቀሩት ቢጫ። አንድ ሳታይ አውጥታ በላች፣ ሌላ ደገመች። ሁለቱም ብርቱካንማ የመሆናቸው ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ፣ በእኛ አነጋገር፣ የከረሜላው ብዛት ከእሱ በአንድ ከሚያንሰው ቁጥር ጋር ሲባዛ 90 እንደሚሆን አሳዩ። ልጆቹ «ከረሜላ ስትበላ ነበር፣ ድንገት ምን ገባባት?» እያሉ ቀለዱ፣ ተማረሩ።

የሚያስቀናን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጥያቄው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጎልማሶች ሞከሩት፤ ብዙዎቹም ላብ በላብ ሆኑ። መልሱ ደረጃ በደረጃ ተብራራ። ከረሜላዎቹ አስር ናቸው፤ አስር በዘጠኝ 90። ያን ቀን የተሳሳተ ልጅ በማግስቱ የት እንደተሳሳተ ማወቅ ይችል ነበር። በዚያ አገር ደግሞ የውጤት ደረጃዎቹ መነሻ ነጥብ የሚወሰነው ተማሪው ከተፈተነ በኋላ ነው፤ ወረቀቱ ከከበደ መነሻው ዝቅ ይላል፣ ከቀለለ ከፍ ይላል። ይህ ማለት የልጆቹ ጩኸት ብቻውን ነጥብ ይጨምራል ማለት አይደለም። የፈተናው ክብደት በልጁ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የታሰበበት መንገድ አለ ማለት ነው።

የእኛው ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቶ አውቶቡስ ሲሳፈር ይዞ የሚሄደው አንድ ስሜት ብቻ ነው። ሳምንታት ቆይቶ አንድ ቁጥር ይመጣለታል። ቁጥሩ «ወድቀሃል» ይለዋል፤ «ሊፍቱ ላይ የቀስቱ አቅጣጫ ነው የጠፋህ» አይለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ ትላላችሁ?

ትልልቅ ነገር አንጠይቅም። ቤተ ሙከራና መምህር ይሟላ ማለት ትክክል ነው፤ ግን በየዓመቱ ይባላል፣ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል። እኛ የምንለው ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችለውን ነው።

አንደኛ፣ ውጤት ሲገለጽ ስንት ከመቶ አለፈ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ተማሪው የትኛውን ምርጫ ስንት ከመቶ እንደመረጠ ይውጣ። ማሽኑ አንድ በአንድ አንብቦታል፤ መረጃው አለ። «የሊፍቱን ጥያቄ ግማሹ ተማሪ 600 ብሏል» የሚል አንድ መስመር ለአንድ የወረዳ ፊዚክስ መምህር ከአንድ ቀን ስብሰባ ይበልጥበታል። ለሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚጀምር ይነግረዋላ።

ሁለተኛ፣ መምህራን ሆይ፦ በትምህርት ቤት ፈተና ቢሆንም ከፈተናው በኋላ ያሉትን አስር ደቂቃዎች አትጣሏቸው። ተማሪ ያን ያህል ለመማር የተራበበት ሌላ ሰዓት የለውም። «17ን ምን አላችሁ?» የሚለው ልጅ የሚያውካችሁ አይደለም፤ ክፍል የከፈተላችሁ ነው። ወረቀቱን ሰብስባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንዱን ጥያቄ ብቻ ሰሌዳ ላይ አውጡት።

ሦስተኛ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቆች፦ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ «ደህና ነው» ሲሏችሁ አትለፉት። «ከሁሉ የሚያስቸግረው የቱ ነበር? እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ፊዚክስ ማወቅ የለባችሁም። የማያውቅ ሰው ፊት ማስረዳት እንዲያውም ይሻላል። ሊፍቱን በእጁ እያሳየ ሲያስረዳ ራሱ «አሃ!» ሊል ይችላል።

አራተኛው ለእኛው ለራሳችን ነው። ከፈተና በኋላ ደብተር የምናቃጥል፣ ወረቀት ቀደን ወደ ሰማይ የምንበትን እኛ ነን። ደስታው ይገባናል፤ እኛም በትነናል። ግን ያንን አንዱን ጥያቄ፣ ያንን ያስጨነቀህን፣ ቤትህ ገብተህ አንድ ጊዜ ሥራው። ነጥብ አይጨምርልህም። እሱን ሳትፈታ ከተውከው ግን «እኔ ፊዚክስ አይገባኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሆኖ አብሮህ ያረጃል።

ያ የኋላ ወንበር ልጅ

ይህን የምንለው ስላየነው ነው። ያ 720 ያለው ጓደኛችን ውጤት ሲመጣ ነጥቡ አልሞላለትም። የሊፍቷን ጥያቄ አግኝቷታል፤ ሌሎቹ ግን ሊፍት አልነበሩም። ዛሬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ከአንዳንዶቻችን የተሻለ ያገኛል፤ ምሳም የሚጋብዘን እሱ ነው። ስለዚህ ይህ የአሳዛኝ ሰው ታሪክ አይደለም።

ግን በቀደም ሰብሰብ ብለን ስለ ዘንድሮ ተፈታኞች ስናወራ፣ የታናሽ እህቱ የፊዚክስ ወርክሺት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሊፍት ያለበት ጥያቄ አገኘንና እየሳቅን ሰጠነው። ወረቀቱን ወደ እኛ መልሶ ገፋው።

«ተዉኝ ባካችሁ፤ እኔ እኮ ፊዚክስ አይገባኝም» አለ።

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ለስምንት ሰው ከዛፍ ሥር ያስተማረ ልጅ ነው ይህን ያለው። ፈተናው የነገረው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ያወቀውን የነገረው የለም። እኛም ያን ቀን አልነገርነውም። ሰቃያችንን አቅፈን፣ እሱን «ፎርቶ» ብለን ሳቅንበትና ወደ ቤታችን ሄድን።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለእሱ የዘገየ መልሳችን ነው። ሊፍቱ ሲነሳ ጉልበት ይከብዳል። ልክ ነበርክ።

ዘንድሮ ተፈትናችሁ «ከበደን» ላላችሁ ሁሉ፦ ምኑ? ንገሩን፤ እንሰማለን።